ወንዶቹንስ ማን ይጠይቃቸው?

ውድ ወላጆች፣ ውድ መምህራን፣ እንደምን አመሻችሁ?

ስለ ተማሪዎችና ስለ ቴክስት እንድናገር ነው የጋበዛችሁኝ። ባለፈው ዓመት በዚሁ ጉዳይ መጨቃጨቃችንን አትረሱትም። «ሴቶቹ ወሬ አበዙ፣ ወንዶቹ ደህና ናቸው» ተባለና ተበተንን። ያኔም አልተዋጠልኝም፣ ዛሬም አልተዋጠልኝም።

ሴቶቹ ብዙ እንደሚጽፉ አልክድም። ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2010 ስለ አገሩ ታዳጊዎች ባወጣው ጥናት፣ መካከለኛው ቁጥር ለሴቶች በቀን 80 ቴክስት፣ ለወንዶች 30 ነበር። ግን ጓደኝነት በቁጥር ይለካል ያለው ማነው?

አንድ ተማሪ አባቱ ሞተበት። የክፍሉ ሴቶች ረጃጅም መልእክት ላኩለት። አጽናኑት፣ «እህል ቀመስክ?» አሉት፣ ልብ ደረደሩለት። የቅርብ ጓደኛው የላከው ግን «ማታ ጌም ትገባለህ?» የምትል ብቻ ነበረች። እናትየው አይታ በጣም ተናደደች። «ይሄም ጓደኛ ተብሎ!» አለችኝ። ልጁን ለብቻው ጠየቅኩት። «እሱ ባይጠራኝ ኖሮ አብድ ነበር» አለኝ። ለካ ማታ ማታ እየተጫወቱ፣ መሃል ላይ፣ ስለ አባቱ ትንሽ ትንሽ ያወራ ነበር። ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ፣ ጨዋታውም ሳይቆም።

ፖል ራይት የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1982 የሴቶችን ጓደኝነት ፊት ለፊት፣ የወንዶችን ጎን ለጎን ብሎ ገልጾታል። ቴክስት ሳይመጣ በፊት መሆኑ ነው!

ታዲያ ወንዱ ልጅ ለምን በ«እሺ» እና በ«አለሁ» ብቻ ይመልሳል? ሲያለቅስ «ወንድ አይደለህም እንዴ?» ያልነው ማን ሆነና! አፉን የዘጋነው እኛ፣ አያወራም ብለን የምናማውም እኛ! ይሄ ያናድዳል። እኔን ያናድደኛል።

የሴቶቹንም ቢሆን ወሬ ነው ብላችሁ አትለፉት። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ አማንዳ ሮዝና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ጥናት፣ ስለ ችግር ደጋግሞ ማውራት የሴቶቹን ጓደኝነት አጥብቆታል፤ ጭንቀታቸውም አብሮ ጨምሯል። ብዙ የጻፈች ሁሉ ደህና ናት ማለት አይደለም።

ሁሉም ወንድ፣ ሁሉም ሴት እንዲህ ነው እያልኩ አይደለም።

የኔ ጥያቄ አንድ ነው። በሚቀጥለው ወር የሚጀመረው የተማሪዎች ውይይት «ለሴቶች ብቻ» ተብሎ ተለጥፏል። ማስታወቂያው ዛሬውኑ ይነሳ፣ ወንዶቹም ይመዝገቡ። ካስፈለገ ኳስ እየተጫወቱ ያውሩ።

አመሰግናለሁ።