የተቀደደ የጆሮ ታምቡር፦ ልጥፉ ከውስጥ ይግባ ወይስ ከላይ ይደረብ?

[ምስል፦ ቸርችል ጎዳና፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ወደ ለገሃር ቁልቁል። የታክሲ ረዳቶች ጥሪ ቀስ በቀስ ይደበዝዛል።]

ተራኪ፦ ድምፁን ያደበዘዝነው ትንሽ አጋነን ነው። ታምቡሩ ላይ ጠባብ ቀዳዳ ያለበት ሰው የረዳቱን ጥሪ ከእኛ እኩል ሊሰማ ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚያማርረው ፀጉሩን በታጠበ ማግስት ጆሮው መምገሉ ነው። ቀዳዳው ሲሰፋ ግን መስማትም ይቀንሳል።

በጥፊ ወይም በክብሪት እንጨት የተቀደደ ታምቡር በአብዛኛው በሁለት ሦስት ወር ውስጥ በራሱ ይገጥማል። እስከዚያው ጆሮውን ከውሃ መጠበቅ ነው። ሞቅ ያለ ዘይት ጠብ ማድረግም ይቅር፤ ምክሩ ከእናት ቢመጣም እንኳ። ቀዳዳውን በልጥፍ የሚዘጋው ቀዶ ሕክምና የሚታሰበው ሳይገጥም ለቆየው ነው።

[ምስል፦ የታምቡር ሥዕል፣ ሦስቱ ንብርብሮች በተለያየ ቀለም።]

ተራኪ፦ ታምቡር ስፋቱ 1 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከውጭ ቆዳ፣ ከመሃል ቃጫ መሰል ንብርብር፣ ከውስጥ ደግሞ ስስ እርጥብ ሽፋን አለው። ቀዳዳው ሲቆይ የውጭው ቆዳ በጠርዙ ላይ ታጥፎ ከውስጡ ሽፋን ጋር ይገናኛል። ያን ጊዜ ሰውነት ጠርዙን እንደ ቁስል ማየት ያቆማል፤ መዳንም ያቆማል። ስለዚህ ሐኪሙ ማንኛውንም ዘዴ ቢመርጥ መጀመሪያ ያንን ጠርዝ ዙሪያውን ቆርጦ ያነሳና እንደ አዲስ ያቆስለዋል። ልጥፉ የሚቀመጠው የታካሚው ሕዋሳት በላዩ ላይ ተስበው ክፍተቱን እንዲዘጉት ነው።

[ምስል፦ ልጥፍ ከታምቡሩ ስር ሲገባ።]

ተራኪ፦ በስፋት የሚሠራበት ከስር የማስገባት ዘዴ ነው። ልብስ ሰፊ የተቀደደ ጃኬት ከገበሩ በኩል እንደሚጥፈው፣ ሐኪሙ ታምቡሩን ከጆሮ ቦይ ቆዳ ጋር ገልጦ ልጥፉን ከውስጥ ያስገባል፤ ከስሩም የሚሟሟ ስፖንጅ ይደግፈዋል። ልጥፉ ከጆሮ በላይ ያለውን ጡንቻ ከሸፈነው ስስ ሽፋን የሚወሰድ ነው። በሠለጠነ እጅ ከ100 ሰዎች 85ቱና ከዚያም በላይ ይገጥምላቸዋል። ደካማ ጎኑ ወደ ፊት ያለው ጠርዝ ነው፤ እዚያ ልጥፉ ድጋፍ ያንሰዋል፣ ሊንሸራተትም ይችላል።

ከላይ የመደረብ ዘዴ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የታምቡሩ ውጫዊ ቆዳ ተልጦ ልጥፉ ከላይ ይነጠፋል። ለሰፊና ወደ ፊት ለተጠጋ ቀዳዳ ጠንካራ መፍትሔ ነው፤ ስሕተትን ግን አይምርም። ቅንጣት ቆዳ ከስር ከተረሳ እንደ ሉል ድቡልቡል ሆኖ ያድጋል፤ አዲሱ ታምቡር ድምፅን ወደ ውስጥ ከሚያስተላልፈው፣ መዶሻ ከሚባለው አጥንት ከራቀም ቀዳዳው ቢዘጋም መስማቱ አይሻሻልም። በእኔ ግምት ይህ ዘዴ አዘውትሮ ለሚሠራው ሐኪም ብቻ የሚተው ነው።

[ምስል፦ ከጆሮ ቀዳዳ ፊት ያለችው ትንሽ ልም አጥንት።]

ተራኪ፦ ልጥፉ ከልም አጥንትም ሊሆን ይችላል። ቀድሞ ተሠርቶ ለከሸፈ ወይም ታምቡሩ ወደ ውስጥ ለሚሳብበት ጆሮ ይመረጣል፤ ግትር ስለሆነ አይሸበሸብም። ግትርነቱ መስማትን ያበላሻል የሚል ስጋት ነበር፤ በስሱ ሲከረከም ውጤቱ ከጡንቻ ሽፋኑ ጋር የሚቀራረብ ሆኖ ተገኝቷል። ጉድለቱ ብርሃን አለማሳለፉ ነው፤ በኋላ ከጀርባው ችግር ቢፈጠር ሐኪሙ ቶሎ አያየውም። በጣም ትንሽ ለሆነ ቀዳዳ ደግሞ ከጆሮ ጉትቻ መስቀያ የተወሰደች ቁራጭ ስብ መወተፍ ሊበቃ ይችላል።

ኢንዶስኮፕን (ካሜራ የተገጠመለትን ቀጭን ዘንግ) እንደ ሌላ ዘዴ የሚያስተዋውቁ አሉ፤ እሱ ግን የሐኪሙ ማያ ዓይን ነው። ማይክሮስኮፕ ቀጥታ ስለሚያይ የቦዩ እጥፋት የፊቱን ጠርዝ ይከልልበታል፤ ብዙ ጊዜ ከጆሮ ጀርባ መቅደድ ያስፈልጋል። ኢንዶስኮፕ በቦዩ ገብቶ ጥጉን ያሳያል፣ ከውጭ የሚታይ ጠባሳም ብዙውን ጊዜ አይተውም። ነገር ግን አንዱን እጅ ይይዛል፤ ደም ሲበዛ ሐኪሙ በቀረችው አንድ እጁ ይቸገራል።

ስለዚህ ቀጠሮ ስትይዙ «የቱ ዘዴ ይሻላል?» ከማለት «ቀዳዳዬ የት ነው? ስፋቱስ? እርስዎ አዘውትረው የሚሠሩት የትኛውን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ከቀዶ ሕክምና በፊት የመስማት ምርመራ ካልታዘዘላችሁም ራሳችሁ አንሱት፤ በኋላ ውጤቱ የሚወዳደረው ከእሱ ጋር ነው።

[ምስል፦ ጆሮው በፋሻ የታሰረ ሰው ሲያስነጥስ፣ አፉን ከፍቶ።]

ተራኪ፦ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት ሳምንታት አፍንጫን በኃይል መናፈጥ የለም፤ ማስነጠስም አፍ ተከፍቶ ነው። ከቦሌ የሚያስነሳ ጉዞ ያለው ሰው ቲኬቱን ከመቁረጡ በፊት ሐኪሙን ያማክር።