ከሳሎን ተነስቶ ብሮድዌይ የደረሰው ምግብ ቤት

እንደምን አመሻችሁ! እዚህ የተሰበሰብነው ወይ በሰው አገር የሐበሻ ሬስቶራንት አለን፣ ወይ ልንከፍት እያሰብን ነው፣ ወይ ደግሞ የዘመድ ሬስቶራንት ውስጥ በነፃ የምንበላ ነን። እኔ የትኛው እንደሆንኩ አዘጋጆቹ ያውቃሉ። ዛሬ የማወራችሁ ኒውዮርክ ውስጥ ስለነበረ ማማ ሊዮኒ ስለሚባል የጣሊያን ምግብ ቤት ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጠራው።

ቤቱን በ1906 የከፈቱት ወይዘሮ ሉዊዛ ሊዮኒ ናቸው። የት መሰላችሁ? መኖሪያ ቤታቸው፣ ሳሎን ውስጥ። ቢበዛ ሃያ ሰው ቢይዝ ነው። ክፈቺ ብሎ የገፋፋቸው ጣሊያናዊው የኦፔራ ዘፋኝ ኤንሪኮ ካሩሶ ነው ይባላል። ካሩሶ ያኔ የሜትሮፖሊታን ኦፔራ ኮከብ ነበር፣ ኦፔራ ቤቱም ከሳሎናቸው ብዙ አይርቅም፤ እና አስቡት፣ ሰውዬው ሲዘፍን አምሽቶ፣ ላብ በላብ ሆኖ፣ በሰው አገር የእናቱ ምግብ ውል ሲለው የት ይሂድ? ሾርባው፣ ፓስታው፣ ዶሮው ተደራርቦ የሚመጣው ራት 50 ሳንቲም ነበር ይላሉ። ይቺን ዋጋ አስቡና የኛን ሜኑ እዩ!

ከዚያ ቤቱ አደገ። ምዕራብ 48ኛ መንገድ ላይ፣ ብሮድዌይ በሚባለው ሰፈር ቲያትር ቤቶች መሀል ገባ። በኋላ 11 አዳራሽ ነበረው፣ 1,250 ሰው ያስተናግዳል። ሰርግ በሉት። ሐውልቶች ቆመዋል፣ ሙዚቀኞች በጠረጴዛዎቹ መሀል እየተዘዋወሩ ይጫወታሉ፣ እንግዳው ገና ሜኑ ሳይገልጥ ፊቱ ትልቅ የአይብ ክምር ይቀመጥለታል። ሉዊዛ በ1944 ሲያርፉ ቤቱ በልጃቸው በጂን እጅ ቀጠለ። ጂን ቀላል ሰው አይደለም። በኋላ የምግብ አሠራር መጽሐፍ ሲያሳትም መቅድሙን የጻፉለት የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበሩት አይዘንሃወር ናቸው።

በ1959 ቤቱ ተሸጠ። የገዛው ሬስቶራንት አሶሼትስ የሚባል ኩባንያ ነው፤ በዚያው ዓመት ፎር ሲዝንስ የሚባለውን ውድ ሬስቶራንት የከፈተው እሱ ነው። ማማ ሊዮኒም ከዚያ በኋላ ሠላሳ ምናምን ዓመት ሠርቷል፣ ስለዚህ ተሸጠና ሞተ ማለት አይቻልም። በ1980ዎቹ መጨረሻ ወደ 44ኛ መንገድ ተዛወረ፣ በጥር 1994 ተዘጋ። አለቀ።

የኒውዮርክ ሰው ግን ቤቱን ከተወው ቆይቶ ነበር። የቱሪስት ቦታ ነው፣ ምግቡም እንደነገሩ ነው እያለ ይስቅበት ነበር። ምግቡን አልፈርድም፤ ፓስታ በእንጀራ እየበላ ያደገ ሰው ጣሊያንን ስለ ፓስታ ሊገመግም አይገባውም። በዚያ ላይ ከገጠር አውቶቡስ ተሳፍሮ ቲያትር ሊያይ ለመጣ አሜሪካዊ ቤተሰብ ያ ራት የዓመቱ ትልቅ ራት ነበር፣ ይሄን ማንም አይንቅብኝ። የኔ ጭንቀት ሌላ ነው። ቱሪስት አንዴ በልቶ ፎቶ ተነስቶ ይሄዳል። ማክሰኞ ማታ፣ ዝናብ እየዘነበ፣ ቤቱ ጭር ሲል ብቅ የሚለው ካሩሶ ነው። አገሩ የናፈቀው፣ ጣዕሙን የሚያውቀው፣ ዛሬ ጨው በዝቷል ብሎ የሚቆጣው። ቤቱ የተከፈተው ለእሱ ነበር፤ 1,250 ወንበር ሲሞላ ግን የእሱ ወንበር የትኛው እንደሆነ የጠፋባቸው ይመስለኛል።

የኛም ካሩሶዎች አሉ። ታክሲውን አቁሞ ሌሊት የሚገባው ሹፌር፣ ከሆስፒታል የማታ ሥራ የምትወጣው እህታችን። ፈረንጅ ይምጣ፣ ደስ ይለናል፣ ቲፑም ጥሩ ነው። ግን ፈረንጁ እንዳይደነግጥ ብላችሁ ዱለቱን ከሜኑ ያወጣችሁ፣ አውቃችኋለሁ፣ ስም አልጠራም! ነገውኑ መልሱት፣ ሚጥሚጣውንም አትቀንሱበት። አመሰግናለሁ።