እምቢ ብላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት

የተከበራችሁ ወላጆች፣ አያቶችና መምህራን፣ እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገራችሁ!

የተጋበዝኩት ሜሪላንድ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ያሉ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ለሆነ ልጆች የሚሰጡትን፣ በተለምዶ ኢሶል (ESOL) የሚባለውን ድጋፍ እንዳስረዳ ነው። አስረዳለሁ። አብዛኛውን ጊዜዬን ግን የምወስደው በአንድ ደብዳቤ ላይ ነው፤ ደብዳቤው በዚሁ በእንቁጣጣሽ ሰሞን ቤታችሁ ይደርሳልና።

ልጅ ስታስመዘግቡ የቤት ቋንቋ መጠይቅ ሞልታችኋል። ልጁ አፉን የፈታው በምን ቋንቋ ነው? አሁን አዘውትሮ የሚናገረው በምንድን ነው? ቤት ውስጥስ የሚነገረው ምንድን ነው? መልሱ ከእንግሊዝኛ ሌላ ቋንቋ መኖሩን ካሳየ ልጁ በማዳመጥ፣ በመናገር፣ በማንበብና በመጻፍ ይፈተናል። ድጋፍ ያስፈልገዋል ከተባለ ትምህርት በተከፈተ በ30 ቀን ውስጥ ለወላጅ በጽሑፍ ይገለጻል፤ ትምህርት ከተጀመረ በኋላ ለመጣ ልጅ ደግሞ ፕሮግራሙ ውስጥ በተመደበ በሁለት ሳምንት ውስጥ። ደብዳቤው የልጁን ደረጃ፣ የሚሰጠውን ትምህርትና ከፕሮግራሙ የሚወጣበትን መስፈርት መያዝ አለበት። ወላጅ ድጋፉን አልፈልግም ማለት እንደሚችልም ይነግራችኋል።

ስንቶቻችን ነን «አልፈልግም» የሚለው ላይ የፈረምን? በየቡናው ላይ «ኢሶል የሰነፍ ክፍል ነው» ይባላል። «ልጄ እኮ እንግሊዝኛ ከእኔ በላይ ይናገራል» ይባላል። ይባስ ብሎ፣ ልጁን ያሳደጉት በአማርኛ የሚያወሩት አያቱ ሆነው ሳለ፣ ሦስቱንም ጥያቄ «እንግሊዝኛ» ብሎ የሚሞላ አለ።

እስቲ ፊርማው የሚያመጣውን እንይ። ልጁ የቋንቋ መምህሩን ያጣል። በየዓመቱ በብርዱ ወራት የሚሰጠው፣ ዊዳ የተባለው ድርጅት የሚያዘጋጀው አክሰስ የተባለ የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና ግን አይቀርለትም። ሕጉ ስለሚያስገድድ ማለፊያውን እስኪያገኝ ድረስ ይፈተናል። ስሙ ከመዝገቡ አልተፋቀም፤ የተፋቀው እርዳታው ብቻ ነው! ተፈታኝ አድርገነው አስተማሪውን ከለከልነው!

«ይናገራል» የሚለውም ያታልላል። ጂም ከሚንስ የተባለው ተመራማሪ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ እንዳሳየው፣ የመጫወቻ ሜዳ እንግሊዝኛ በአንድና በሁለት ዓመት ይመጣል፤ የመማሪያ መጽሐፍ እንግሊዝኛ ግን ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ይፈጃል። የአክሰስ ጠቅላላ ውጤት ሲሰላም ማንበብ 35 በመቶ፣ መጻፍ 35 በመቶ ነው፤ ማዳመጥና መናገር 15፣ 15 በመቶ ብቻ ይይዛሉ። ስለዚህ አፉ የሚፈጥን ልጅ ብዕሩ ላይ ይቀራል።

የአራተኛ ክፍል ሳይንስ ውሰዱ። ሠንጠረዡ ላይ መስኮት አጠገብ የተቀመጠው ተክል 18 ሳንቲ ሜትር፣ ቁም ሳጥን ውስጥ የተቀመጠው 7 ሳንቲ ሜትር አድጓል። ለምን? በማስረጃ አስረዳ ይላል። ልጅቷን በቃል ብትጠይቋት ብርሃን ስላገኘ መሆኑን ወዲያው ትነግራችኋለች። ወረቀቱ ላይ ግን «ፀሐይ አለው» የምታክል አንዲት ቁራጭ ዓረፍተ ነገር ጽፋ ታቆማለች። ቁጥሩ የለ፣ ንጽጽሩ የለ፣ ምክንያቱን ከውጤቱ የሚያያይዝ ቃል የለ። ሳይንሱን አውቃ ዝቅተኛ ነጥብ ታገኛለች። ጥሩ የኢሶል መምህር አስቀድማ አራት አምስት ቃል ሰሌዳ ላይ ትጽፋለች፤ «ተክሉ ይህን ያህል ያደገው … ስለሆነ ነው፤ ሠንጠረዡ … ያሳያል» የሚል ክፍት ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ትሰጣለች፤ ልጅቷ መጀመሪያ ለጓደኛዋ በቃል ትነግራለች፣ ከዚያ ትጽፋለች። በየጊዜው መደገፊያው አንድ አንድ ቃል ይቀነሳል። በፊርማችን የምንመልሰው ይህችን መምህር ነው።

ትምህርት ቤቶቹም አያመልጡም! የካውንቲው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በአማርኛ የሚተረጉም ክፍል እያለው በእንግሊዝኛ ብቻ የሚደርስ ደብዳቤ ለምን? የዘጠኝ ዓመት ልጅ በኮንፈረንስ ቀን የራሷን ውጤት ለእናቷ እንድታስተረጉም ማድረግስ ምን ይባላል? «ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ ብቻ አውሩለት» የሚሉ መምህራን እስከ ዛሬ አሉ። ተሳስተዋል! በአማርኛ ተረት ሰምቶ «ከዚያስ ምን ሆነ? ለምን?» ተብሎ የሚጠየቅ ልጅ ነገርን በቅደም ተከተል ማስረዳት ይለምዳል፤ ያ ችሎታ በእንግሊዝኛው ጽሑፍ ላይም ያገለግለዋል።

ይህ ድጋፍ ምጽዋት አይደለም። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ 1,800 ያህል የቻይና ተወላጅ ተማሪዎች ያለ ምንም የቋንቋ እርዳታ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ነበር። ወላጆች ከሰሱ፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጥር 1974 (እ.ኤ.አ.) በአንድ ድምፅ ፈረደላቸው። ለማይገባው ልጅ ያንኑ መጽሐፍና ያንኑ መምህር መስጠት እኩልነት አይደለም አለ። እኛ የምንፈርመው እነዚያ ወላጆች ተከራክረው ያገኙትን መብት ለመመለስ ነው!

ቀሪውን በአጭሩ። ልጁ ቋንቋ ስለሚማር ብቻ የልዩ ፍላጎት ምርመራው «እንግሊዝኛው እስኪስተካከል» ሊዘገይ አይገባም፤ ጥያቄያችሁን በጽሑፍ አስገቡ። ሃይስኩል የሚገቡ ልጆች ከአገር ቤት ያመጡትን ትራንስክሪፕት ለካውንስለሩ ያስገምግሙ፤ የሚያዝላቸው ክሬዲት ሊኖር ይችላል። ከፕሮግራሙ የወጣ ልጅ ወደኋላ ከቀረ እንደገና እንዲታይ ጠይቁ።

እምቢታ የፈረማችሁ በማንኛውም ጊዜ ማንሳት ትችላላችሁ፤ ሁለት መስመር ደብዳቤ ይበቃል። መጠይቁን ያለ አግባብ የሞላችሁ ልጁ እንዲፈተን ጠይቁ። ቀጠሮ ስትይዙ «የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» በሉ፤ ክፍያ የለውም። ደብዳቤውን ይዛችሁ የመጣችሁ እዚያ በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ጋ ቆዩ፤ አንድ በአንድ አብረን እናነበዋለን።