የአንጀት ካንሰር የወንድ ብቻ አይደለም

ክቡራትና ክቡራን፣ እንደምን አመሻችሁ።

በዘር የሚተላለፍ የትልቁ አንጀት ካንሰር ሲነሳ «እሱ የወንዶች ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። ጥቂት እውነት አለው፤ ግን ያዘናጋል።

ሊንች ሲንድረምን እንውሰድ። ሴል ሲባዛ ዲኤንኤ ላይ የሚፈጠረውን ስህተት የሚያርሙ ጂኖች አሉን። ከእነሱ አንዱ ተበላሽቶ ሲወረስ ነው ሊንች የሚባለው። ወላጅ ካለበት እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ 50 በመቶ ነው። ከአባት መጣ ከእናት፣ ልጁ ወንድ ሆነ ሴት፣ ለውጥ የለውም።

ልዩነቱ የሚመጣው ከወረሱ በኋላ ነው። ኤምኤልኤች1 የተባለው ጂን የተበላሸባቸው ወንዶች እስከ 75 ዓመታቸው በአንጀት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው 57 በመቶ ገደማ ነው፤ የሴቶቹ 48። ልብ በሉ፣ ይህ ቁጥር የተገኘው በየጊዜው በኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ አንጀታቸው ውስጡ ከሚታይ ሰዎች ነው። ኤምኤስኤች6 በተባለው ሌላ ጂን ላይ ግን ልዩነቱ ከነአካቴው የለም ማለት ይቻላል። በኤምኤልኤች1 ወንዶቹ ለምን በለጡ? ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ሴቶችን በመጠኑ ሳይከላከል አይቀርም ይባላል። ሲጋራና ውፍረትም የራሳቸው ድርሻ አላቸው። እና 48 በመቶ ትንሽ ነው እንዴ?

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። እነዚሁ ጂኖች በሴቶች ላይ የማህፀን ካንሰርም ያመጣሉ። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚታየውም እሱ ነው። እንግዲህ አንድ ሰው ሆስፒታል ሄዶ ቅጽ ይሞላል እንበል። «በቤተሰብ የአንጀት ካንሰር አለ?» ይላል ጥያቄው። «የለም» ብሎ ይጽፋል። እህቱ በ45 ዓመቷ የማህፀን ካንሰር ታማለች፤ እሱ ግን የሴት ጉዳይ ነው ብሎ አልቆጠረውም። አልዋሸም። ጥያቄውም አላገዘውም። ኮሎኖስኮፒ የሚያስፈልገው ግን ምናልባት ይኸው ሰውዬ ነው።

ኤምኤልኤች1 ወይም ኤምኤስኤች2 የተበላሸበት ሰው፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ25 ዓመቱ ጀምሮ በየአንድ ወይም ሁለት ዓመቱ ኮሎኖስኮፒ እንዲደረግለት ይመከራል። ሐኪሙ ፖሊፕ፣ ማለትም ወደ ካንሰር ሊለወጥ የሚችል ትንሽ እብጠት ካገኘ ብዙውን ጊዜ እዚያው ቆርጦ ያወጣዋል።

ስለዚህ ስለ ቤተሰባችሁ ስትጠየቁ የአባትንም የእናትንም ወገን ተናገሩ። የማህፀኑን ከአንጀቱ አትለዩ። ስንት ዓመታቸው ላይ እንደታመሙም ጨምሩ። በቅርቡ ዕጢ የወጣለት ዘመድ ካለ ደግሞ፣ ናሙናው ለሊንች ተመርምሮ እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቅ።

አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።