አምስተኛው ብሎን

እንደምን አላችሁ። ዛሬ ስለ ሌላ ነገር ላወራ ነበር። ግን ይሄ ነገር ከሆዴ አልወጣ አለ። ባለፈው «ከኋላ የሚሰማው ዝናብ ነው?» ብላችሁኝ ነበር። ዝናብ አይደለም። የላፕቶፑ ፋን ነው።

ሐሙስ ማታ ገልብጬ አልጋዬ ላይ አስቀመጥኩት። ካቻቢቴ ይዣለሁ። አራቱን ብሎን ፈታሁ። አምስተኛው ላይ ትንሽ ወረቀት ተለጥፋለች። ከተነሳች ዋስትናው ይቋረጣል ትላለች። እዚያ ላይ ቀጥ አልኩ። ጥፍሬን ጫፏ ላይ አደረግኩ። መለስኩት። ደግሜ አደረግኩ። ጫፏ ትንሽ ተነሳች መሰለኝ። በጣቴ መልሼ ተጫንኳት።

አቧራ ብቻ ቢሆን በብሩሽ አልቆ ነበር። ይሄኛው ግን ይፋጫል። ዘንጉ ያለቀ ይመስለኛል፤ ስለዚህ መቀየር ነው። ቪዲዮ ስቆርጥበት ሙቀቱ ከ90 ዲግሪ ያልፋል፤ ከዚያ ራሱን ለማዳን ይንቀራፈፋል።

አሜሪካ ያለችው እህቴ «እንዳትነኪው! ዋስትናው አራት ወር ይቀረዋል፣ ሰው ሲመጣ ላኪልኝ» አለች። ሰው ሲመጣ! ከአዲስ አበባ አሜሪካ፣ ለአንድ ፋን! ደግሞ እኮ እዚያው አገር በ1975 የወጣ የዋስትና ሕግ አለ። በ2018 የፌዴራል ንግድ ኮሚሽኑ ለስድስት ድርጅቶች ደብዳቤ ጽፏል፤ «የእኛን ዕቃ ካልተጠቀማችሁ፣ እኛ ዘንድ ካላስጠገናችሁ ዋስትና የለም» ማለት ሕግ ሊጥስ ይችላል ብሎ። ወረቀት ስለተነሳ ብቻ ዋስትና አይቀርም ማለት ነው። እኔ ራሴ ብሰብረው ግን ሌላ ነው። የፋኑ ገመድ ደግሞ በጣም ቀጭን ነው።

አባዬ ሬዲዮ ሲከፍት ትዝ ይለኛል። ጋዜጣ ያነጥፋል፣ ብሎኖቹን ስኒ ውስጥ ያጠራቅማል። «ማንም አይርገጥብኝ» ይለናል። ልክፈተው ወይ ብሎ ማንንም አይጠይቅም። አንዳንዱ ይሠራለታል፣ አንዳንዱ እንደዚያው ቁም ሳጥን ላይ ይቀራል። እናቴ ስለዚያ ቁም ሳጥን... እሱን ሌላ ቀን።

የእሱ ሬዲዮ የራሱ ነበር። ይሄ ላፕቶፕ ግን... የእኔ ነው? እህቴ ሌሊት ፈረቃ እየሠራች ነው የገዛችው። አዲሱን ከነካርቶኑ ነው የላከችልኝ። ወረቀቷ ላይ የቆምኩት ለዚያ ይሆን? እንጃ። ፈርቼም ሊሆን ይችላል። ወይም አንዴ ከከፈትኩት በኋላ «ላኪልኝ» የምትለኝ ሰው እንዳትቀርብኝ...

ዛሬ ድምፁ የለም፣ አይደል? በስልኬ ነው የምቀዳው። ትናንት «ምን ወሰንሽ?» ብላ ጽፋልኛለች። አልመለስኩላትም። አራቱ ብሎኖች ስኒ ውስጥ ናቸው። አምስተኛው እዚያው...