ከ20 እስከ 80፦ የቤዝቦል ተስፈኛ እንዴት ይመዘናል?

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ፤ የማወራውም ገና ትልቁ ሊግ (የአሜሪካው ኤም.ኤል.ቢ.) ስላልደረሱ የቤዝቦል ልጆች ነው። የተስፈኞች ደረጃ በወጣ ቁጥር ሰው ዓይኑ የሚያርፈው ልጁ ስንት መታ የሚለው ላይ ነው። እኔ መጀመሪያ ዕድሜውን ነው የማየው።

30ዎቹ የትልቁ ሊግ ክለቦች እያንዳንዳቸው ከሥራቸው፣ ከዝቅተኛው ወደ ከፍተኛው ሲደረደሩ፣ ሲንግል-ኤ፣ ሃይ-ኤ፣ ደብል-ኤ እና ትሪፕል-ኤ የሚባሉ አራት ቡድኖች አሏቸው፤ የጀማሪዎቹ እርከን ደግሞ ከነዚህ በታች ነው። እንበልና አንዱ 24 ዓመቱ ነው፣ ሃይ-ኤ ላይ .310 ይመታል (ከ1,000 ሙከራ 310 ጊዜ እንደማለት ነው)። ሌላው በ20 ዓመቱ ደብል-ኤ ላይ .255 ይመታል። ሳላመነታ ሁለተኛውን አስቀድማለሁ። የመጀመሪያው የሚገጥማቸው ወርዋሪዎች አብዛኞቹ ታናናሾቹ ናቸው፤ ከርቩን (ታጥፎ የሚወርደውን ውርወራ) ያሰቡበት ቦታ ማሳረፍ ገና አልሆነላቸውም። እሱ ፋስትቦሏን (ፈጣኗን ቀጥታ ኳስ) ይጠብቃል፣ ትመጣለታለች፣ ይመታታል። ደብል-ኤ ላይ ግን ወርዋሪው ሁለት ቦል ዜሮ ስትራይክ ላይ ሆኖ እንኳ (ሁለቴ ከዒላማ ውጭ ወርውሮ ቀጣዩን ማስገባት ሲያስፈልገው ማለት ነው) ስላይደር፣ ወደ ጎን የምትሸሸውን ኳስ፣ ይልካል። የብዙ መቺ ጉድ የሚወጣው እዚያ ነው።

በልጅነቱ ቶሎ ላደገ መቺ ምሳሌ ሁዋን ሶቶን ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ2018 ሲንግል-ኤ ጀመረ፣ ቀጥሎ ቨርጂኒያ ዉድብሪጅ ሃይ-ኤ ተጫወተ (ዋሽንግተን አካባቢ ያላችሁ፣ አፍንጫችሁ ሥር ነበር)፣ ደብል-ኤ 8 ጨዋታ ብቻ አድርጎ በ19 ዓመቱ ለትልቁ ሊጉ የዋሽንግተን ክለብ ለናሽናልስ ተሰለፈ።

መልማዮች ነጥብ የሚሰጡት ከ20 እስከ 80 ነው፤ 50 ማለት የትልቁ ሊግ መካከለኛ ተጫዋች ነው። መምታት፣ ጉልበት፣ ሩጫ፣ ክንድ፣ መከላከል ለየብቻ ይመዘናሉ። ቀላሉ ሩጫ ነው፤ ቀላል ነው ስል ግን ሰው የማይሳሳትበት ነው ማለቴ አይደለም። ሰዓቱ የሚነሳው ዱላው ኳሷን በነካባት ቅጽበት ነው፣ የሚቆመው እግሩ ፈርስት ቤዝን (መቺው መጀመሪያ የሚሮጥበትን ማረፊያ) ሲረግጥ። ርቀቱ 27.4 ሜትር ነው። ቀኝ መቺ በ4.3 ሰከንድ ከደረሰ 50 ገደማ ያገኛል፤ ግራ መቺ ለቤዙ ስለሚቀርብ ከእሱ 4.2 ይጠበቃል። አንድ አስረኛ ሰከንድ ነጥቡን በ10 ገደማ ይለውጠዋል። ታዲያ ሰዓቱን ልጁ መሮጥ ሲጀምር የሚያስነሳ ሰው ዘገምተኛውን ፈጣን ያደርገዋል። ባንት ያደረገበትንም (ዱላውን ሳያወዛውዝ ኳሷን ብቻ ያስነካበትን) አትቁጠሩ፤ ሰውነቱ ቀድሞ ሩጫ ጀምሯል። ተስፋ ቆርጦ ሶምሶማ የሮጠበትም እንዲሁ ይጣላል።

ከባዱ መምታት ነው፤ የሰዓት መያዣ የለውማ። እኔ የማየው ስትራይክ ዞን (ወርዋሪው ኳሷን ሊያስገባበት የሚገባው ክልል) ውስጥ የገባችውን ኳስ ስንቴ ይስታል የሚለውን ነው። ከዞን ውጭ የወጣችን ኳስ ማሳደድ ከዕድሜ ጋር ሊታረም ይችላል፤ መሃል የገባችን መሳት ግን እምብዛም አይታረምም።

ሜዳውም ያታልላል። የትሪፕል-ኤዋ አልበከርኪ ከባህር ጠለል በላይ ከ1,500 ሜትር ከፍ ያለች ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ የተመታች ኳስ ትርቃለች፣ ከርቩም እንደ ልብ አይታጠፍም። እዚያ 25 ሆም ረን (ኳሷን አጥር ያሻገረ ምት) የመታን ልጅ በሌሎች ሜዳዎች ስንት እንደመታ ሳላይ አላደንቅም፤ እዚያ የሚወረውረውን ምስኪን ግን ቶሎ አልፈርድበትም።

ወርዋሪና መቺ እኩል ከሆኑብኝ መቺውን አስቀድማለሁ። የክርን ጅማት ቀዶ ጥገና ወርዋሪን ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 18 ወር ያስቀምጠዋል፤ ሲመለስም ፍጥነቱ ተመልሶ ኳሷን የመምራት ብቃቱ ሊዘገይ ይችላል።

ክለቦች በተስፈኞቻቸው ሲደረደሩ ደግሞ ራስ መቁጠር አይሠራም። አንድ 60 የተሰጠው ልጅ ከአምስት 45ዎች ይበልጥብኛል፤ 45 ዓይነቱ ተቀያሪ ተጫዋች በገበያ ይገኛል። ክለቡ በአንዴ ከሦስተኛ ወደ ሃያኛ ሲወርድም ሥራው ተበላሽቷል ብላችሁ አትቸኩሉ። በትልቁ ሊግ ከ130 ጊዜ በላይ ዱላ የያዘ መቺ ወይም ከ50 ኢኒንግ (የጨዋታ ዙር) በላይ የወረወረ ልጅ ከተስፈኞች ዝርዝር ይወጣል። ምናልባት ምርጡ ልጃቸው አሁን በየምሽቱ ቴሌቪዥን ላይ ነው።