የደከመውን ቦታ አትንኩት

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ የምቀዳው ጋራዥ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው። መኪናው ካደረ ውጭ ነው የሚያድረው፤ እዚህ ቦታውን የያዙት ሞርሳዎች፣ ፒያላ፣ ሞረድ፣ ወለሉን የሸፈነው ፍቅፋቂ ነው። ፊት ለፊቴ ግድግዳው ላይ አንድ ደጋን ተሰቅሏል። ትናንት ማታ አለቀ። ስምንት ወር ወስዶብኛል፤ ከሱ በፊት የተሰበረውን ከጨመርኩ ደግሞ ከዓመት ያልፋል።

ስለ ቃሉ ትንሽ ልበል። ቀስት ስንል አንዱ የሚወነጨፈውን ያስባል፣ ሌላው የሚታጠፈውን። ቀስተ ደመና የምንለው የሚታጠፈውን ነው። እኔ ዛሬ የሚታጠፈውን ደጋን፣ የሚወነጨፈውን ፍላጻ እላለሁ። ደጋን የሚለው ቃል ለኔ የቤት ቃል ነው። አያቴ፣ የእናቴ እናት፣ ደብረ ታቦር ጥጥ የምትነድፍበት ደጋን ነበራት። ጥጡን ዳምጣ ፍሬውን ካወጣች በኋላ ክምሩ ላይ ጎንበስ ትልና ጅማቱን ትመታዋለች። ድም፣ ድም፣ ድም። ጥጡ ተነፍቶ ባዘቶ ይሆናል፤ ባዘቶው ተጠቅልሎ አመልማሎ፣ ከዚያ ወደ እንዝርት። እኔ እዚያው አጠገቧ እንቅልፍ ይወስደኛል።

ወደ እንጨቱ ልምጣ። ይሄ ደጋን ሦስት እንጨት ነው፣ በኮላ የተጣበቀ። ጀርባው፣ ማለትም ወደ ዒላማው የሚዞረው ጎን፣ ሂኮሪ ነው። እዚህ አሜሪካ የመዶሻና የመጥረቢያ እጀታ የሚሠሩበት እንጨት ነው። ሆዱ፣ ወደ ተኳሹ የሚዞረው፣ ኢፔ ነው፤ ከደቡብ አሜሪካ የሚመጣ፣ የተቆላ ቡና የመሰለ፣ ብዙ ጊዜ ውሃ ውስጥ የሚሰጥም ከባድ እንጨት። የአንድ ቤት በረንዳ ሲታደስ ቁራጩን ሰጡኝ። መካከሉ ሜፕል ነው።

ለምን ሦስት? ደጋን ሲሳብ ጀርባው ይለጠጣል፣ ሆዱ ይጨመቃል። መሐሉ ላይ ያለው ከሁለቱም ጭንቀት ያመልጣል ማለት ይቻላል። ስለዚህ መለጠጥ የሚችለውን ጀርባ፣ መጨመቅ የሚችለውን ሆድ ታደርጉታላችሁ። ዩው የሚባለው የአውሮፓ ዛፍ ይህን በተፈጥሮው ይዞታል፤ ከቅርፊቱ ሥር ያለው ነጭ እንጨት ሲለጠጥ ይችላል፣ ቀላ ያለው ውስጠኛው ሲጨመቅ ይችላል። የእንግሊዙ ንጉሥ የሄንሪ 8ኛ መርከብ ሜሪ ሮዝ እ.ኤ.አ. በ1545 ሰጥማ በ1982 ከባሕር ስትወጣ፣ ከ130 በላይ ሙሉ ደጋኖች ተገኝተዋል፤ የዩው ሥራ ናቸው። ዩው የሌለው ግን አጣብቆ ሠራ። በሰሜን አውሮፓ ሳሚ የሚባሉት ሕዝቦች ከበርችና ከፓይን እንጨት፣ በርቹን ጀርባ ፓይኑን ሆድ አድርገው። ጃፓኖች ቀርቀሃና እንጨት ደርበው ዩሚ የሚሉትን፣ ከሁለት ሜትር የሚያልፈውን ደጋን፣ እስከ ዛሬ ይሠራሉ። መያዣው መካከል ላይ አይደለም፣ ወደ ታች ዝቅ ብሎ ነው። ሳየው ሁሌም ልቤን ይወስደዋል።

ማጣበቁ አንድ ማታ ነው፤ ግን ለዚያ ማታ ሳምንት ተዘጋጅቻለሁ። ኢፔ ቅባት ስላለው ኮላ አይይዝም፤ በአሴቶን ቅባቱ እስኪለቅ ጠረግኩት። ብናኙ ቆዳና አፍንጫ ያስቆጣል፣ ያለ ጭንብል እንዳትሞክሩት። ከዚያ ሦስቱንም ኮላ ቀብቼ፣ ትንሽ ወደ ኋላ በጎበጠ ወፍራም ጣውላ ላይ አጋድሜ፣ ሃያ ሁለት ሞርሳ አሰርኩ። ከየጎኑ የኮላ ዶቃ ብቅ ብቅ ሲል ደስ ይላል፣ ባዶ ቦታ የለም ማለት ነው። ጎብጦ የተጣበቀው ሲደርቅ ቀጥ አይልም፤ ያንኑ ጉብጠቱን ይዞ ይቀራል።

ልነግራችሁ የፈለግኩት ግን ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። ቲለር ማድረግ ይሉታል። ደጋኑን ግድግዳ ላይ በተተከለ ግንድ ላይ ታስቀምጡና በገመድና በመዘውር ወደ ታች እየሳባችሁ፣ ራቅ ብላችሁ ሁለቱን ክንዶች ታያላችሁ። ሁለቱም እኩል ይታጠፋሉ ወይ? አንድ ቦታ ብቻውን ይታጠፋል? አንድ ቦታ ደርቆ ቀርቷል? የደረቀውን በእርሳስ ታሰምሩበታላችሁ፣ ትፍቃላችሁ፣ ደግማችሁ ሃያ ሠላሳ ጊዜ ትስባላችሁ፣ ታያላችሁ። ውፍረት በዚህ ሥራ ላይ ቀልድ አያውቅም። 12 ሚሊሜትር የሆነ ክንድ 1.2 ሚሊሜትር ብቻ ብታነሱለት፣ አልታጠፍ ባይነቱ በ27 በመቶ ገደማ ይቀንሳል።

የመጀመሪያው ደጋኔ በላይኛው ክንድ፣ ከመያዣው አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ፣ ደካማ ቦታ ነበረው። እንደ ማጠፊያ እዚያ ብቻ እጥፍ ይላል፤ ከሱ በላይ ያለው እንደ ዱላ ቀጥ ብሎ ይቀራል። እኔ ምን አደረግኩ? ዓይኔ ደካማው ላይ ተተከለ። እሱን ላስተካክል ብዬ እዚያው አካባቢ ፋቅ፣ ፋቅ። 24 ኢንች ላይ ስስበው ተሰበረ። እንደ ጥይት ነው የጮኸው። ቁራጩን አንስቼ ሳየው ጫፉ ድረስ ያለው ክንድ ምንም አልሆነም። አዲስ ነው። ምንም ያልሠራ እንጨት ነው።

ለካ ደካማ ቦታ ሲገኝ አይነካም። የሚፋቀው ሌላው ነው፤ ያልታጠፈው፣ ደርቆ የተቀመጠው። ያኔ ሸክሙ ይከፋፈላል። ዋጋ አለው፤ ከየቦታው ባነሳችሁ ቁጥር የደጋኑ ኃይል፣ ማለትም ለመሳብ የሚጠይቀው ጉልበት፣ ይወርዳል። ይሄኛውም ደካማ ቦታ አወጣ። 50 ፓውንድ ነበር የምፈልገው። ደካማውን ሳልነካ ሌላውን ሁሉ እየፋቅኩ፣ 46 ሆነ፣ 43 ሆነ። 41 ላይ ክንዶቹ እኩል ታጠፉ።

43 ላይ በነበረ ማታ ነው እህቴ ትዝ ያለችኝ።

እናታችንን ካቻምና ስትሮክ መታት። ግራ ጎኗ አይታዘዝላትም። ሦስት ልጆች ነን፤ ወንድሜ ጀርመን፣ እኔ እዚህ ሜሪላንድ፣ እህቴ እናታችን ቤት። እኛ እንልካለን። በየወሩ፣ አንድ ቀን ሳናሳልፍ። ስንደውል እህቴ «ደህና ነን፣ እናንተ አታስቡ» ትላለች። አንድ ቀን ግን ድምፅዋ ልክ አልነበረም። ምን ሆነሽ ስላት፣ ሌሊት ሌሊት እናታችን እንደምትነቃ፣ እንደምትፈራ፣ እሷም አብራ እንደምትነቃ ነገረችኝ። ሰባት ወር ሙሉ። እኔ ያኔ ምን መለስኩ? «ሐኪም ይይሽ፣ ቪታሚን ልላክልሽ» አልኳት። ደካማው ቦታ ላይ መፋቂያዬን ይዤ ቆምኩ ማለት ነው።

የታጠፈችው እሷ ብቻ ናት። እኔና ወንድሜ ቀጥ ብለን ቆመናል። ይህን ጋራዥ ውስጥ መፋቂያ በእጄ ይዤ ነው የተረዳሁት፤ ያን ማታ ሥራ አልቀጠልኩም።

ለወንድሜ ደወልኩ። ረጅም ወሬ ነበር፣ ሁሉም ጥሩ አልነበረም፣ እሱን እተወዋለሁ። በመጨረሻ ስድስት ሳምንት ፈቃድ ወስዶ ሄደ። እኔ የማታ ፈረቃዬን ተውኩ። ገንዘቡ ይሰማኛል፤ አልዋሽም። ግን እዚያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሲሆን እዚህ ገና ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። እናቴ የምትነቃው በዚያ ሰዓት ነው። ስልኩ ከራስጌዋ ትራስ ላይ ተደግፎ ይቀመጣል፤ አነሳዋለሁ፣ እናወራለን። አንዳንዴ ዝም እንላለን፤ እኔ እየፋቅኩ፣ እሷ እያየችኝ። እህቴ ሌላኛው ክፍል በሯን ዘግታ ትተኛለች።

ትናንትም እንዲሁ ነበርን። የመጨረሻውን ዘይት ቀብቼ ጠርጌ፣ አውታሩን አሰርኩበት። ስልኩ ሥራ ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ ወደ ጣራው ዞሮ። ደጋኑን ከፍ አድርጌ አውታሩን በጣቴ ሳብ አድርጌ ለቀቅኩት። ድም አለ። ደገምኩት።

ከስልኩ ውስጥ፣ ቀስ ብላ፣ በዚያ አሁን በሚኮላተፈው አንደበቷ፣ «ማነው በዚህ ሌሊት ጥጥ የሚነድፈው?» አለች።

«እኔ ነኝ እማዬ» አልኳት።

«በል ንደፍ» አለችኝ። እስክትተኛ ድረስ መታሁላት።